ከመብራቱ ስር የቀረው ትሪ

«ትናንት ያ ሰውዬ የቀዝቃዛውን ክፍል በር ከፍቶ ሲሠራ ነበር፤ ሙቀት አስገብቶበት ይሆናል» አለች ጠብታ፣ የቤተ ሙከራው ክሪስታል በምን እንደተበላሸ በስብሰባ ስትጠየቅ።

«ያ ሰውዬ» ያለችው፣ ልብ በሉልኝ፣ ባለፈው እሁድ እናቱ ቤት ቁጭ ብላ ሻይ ስትጠጣ ከጠረጴዛው ስር ጣቶቹን በጣቶቿ ቆልፋ የያዘችውን ወንድ ነው። ድምፁን በስልክ ስትሰማ ሳታስበው ፀጉሯን የምታስተካክልለትን፣ «ያላንተ ምን ይውጠኝ ነበር?» ያለችውን። ሩቅ ቦታ ቢሆን እንኳ ባልከፋ። እሱ ግን ተጠርቶ መጥቶ፣ የመሣሪያ ቦርሳውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ፣ የስብሰባው ክፍል በር ላይ ቆሟል።

ላታየው ፈልጋ ነበር፤ ዓይኗ አልታዘዝ አላት። ቁጣ ብታይበት በወደደች። ፊቱ ላይ ያገኘችው ግን መገረም ነው፤ የሰማውን ነገር በትክክል የሰማ መሆኑን የተጠራጠረ ሰው መገረም።

ሁሉም «ብርዱ» ነው የሚሉት። የማቀዝቀዣ መካኒክ ነው፤ ፍሪጅ፣ በረዶ ቤት፣ ቀዝቃዛ ክፍል፣ ብርድ ባለበት ሁሉ አለ። እሷን ደግሞ «ጠብታ» ብሎ የሰየማት እሱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አጉሊ መነጽር ላይ ተደፍታ የምታየው ጠብታ ስለሆነ። ባልደረቦቿም ስሙን ወደውት ይጠሩበታል፤ ማን እንዳወጣላት ግን አንዳቸውም አያውቁም። እንዴት ይወቁ? እሷ መቼ ነግራቸው!

ጥያቄውን የሚጠይቁት የቤተ ሙከራው ኃላፊ ናቸው፤ የጠብታ የገዛ አክስት። እህታቸው ሞታ ልጅቷ ስትቀር ወስደው ያሳደጉ፣ ያስተማሩ፣ በመጨረሻም እጇን ይዘው እዚያው ቤተ ሙከራ ያስገቡ። ቤት ውስጥ «እትዬ» ትላቸዋለች፣ ሥራ ላይ «ፕሮፌሰር»። ቤት ውስጥ ደግና ሳቂታ ናቸው፣ ሥራ ላይ ግን ወንበሩ ራሱ ይፈራቸዋል።

«አንተ» አሉት ብርዱን። «በሩን ከፍተህ ነበር?»

«ከፍቼ ነበር።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ማራገቢያውን እስክቀይር።»

እውነቱን ነው፤ ከፍቷል። ግን የፕላስቲክ መጋረጃውን አውርዶ ነው የሠራው፣ ሙቀት መለኪያውም ንቅንቅ አላለም። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ክሪስታሉ ያለበት ትሪ በዚያ ሰዓት ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ እንዳልነበረ ያውቃል። ያውቃል፣ እናንተዬ! አንዲት ቃል ቢተነፍስ ነጻ ይወጣ ነበር። ጠብታ ይናገራል ብላ ፈራች፤ አይናገርም ብላም ፈራች።

አልተናገረም።

«ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳላይህ። ለመሥሪያ ቤትህም እደውላለሁ» አሉ ፕሮፌሰሯ። «የስንት ጊዜ ልፋት ነው ያበላሸኸው፣ ታውቃለህ?»

«እሺ» አለ ብርዱ። ቦርሳውን ወደ ትከሻው ከፍ አድርጎ ዞረና ወጣ። በሩን ሲዘጋ እንኳ ቀስ ብሎ ነው የዘጋው። ጠብታ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች፤ መሬቷ ግን ደህና አድርጋ ይዛታለች።

* * *

ለመሆኑ አንድ ትሪ ምን ቢሆን ነው ይህ ሁሉ ጣጣ?

ልጆችን እያመነመነ የሚገድል፣ ደም ውስጥ ገብቶ የሚኖር አንድ ጥገኛ ተሕዋስ አለ። ያንን ክፉ ነገር በሕይወት የሚያቆየው አንድ ፕሮቲን ነው። የፕሮቲኑ ቅርጽ ቢታወቅ መድኃኒት ቀማሚዎች የሚገጥም መድኃኒት ይሠሩለት ነበር። ቅርጹ የሚታወቀው በኤክስሬይ ነው፣ ለኤክስሬይ ደግሞ ፕሮቲኑ መጀመሪያ ክሪስታል መሆን አለበት። እልፍ አእላፍ ሆነው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ሥርዓት ይዘው መሰለፍ አለባቸው። ፕሮቲን ደግሞ ተሰለፍ ሲሉት የሚሰለፍ ፍጥረት አይደለም።

ስለዚህ ይለማመጡታል። አንዱ ጨው ይወዳል፣ ሌላው ጨው ሲያይ ይሸሻል። አንዱ አሲድ ከረር ካላለለት አይረጋም፣ አንዱ ፖሊመር የሚባለውን ወፍራም ዝልግልግ ካልጨመሩለት አይሰማም። የትኛው ምን እንደሚወድ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። በአንድ የፕላስቲክ ትሪ ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ይደረደራሉ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቅመም ይደረግባቸዋል፣ አንዳንድ ጠብታ ፕሮቲን ይሰጣቸዋል፣ ተዘግቶ ይጠበቃል። ውሃው ከጠብታው ቀስ እያለ ይወጣል። ቶሎ ከወጣ ፕሮቲኑ ይደናገጥና እንደተበላሸ ወተት ይቋጠራል፤ ካልወጣ ደግሞ ጠብታው ጥርት ብሎ፣ ባዶውን፣ እያሾፈባችሁ ይቀራል። በሁለቱ መሐል አንዲት ጠባብ ቦታ አለች። ጠብታ ወጣትነቷን እሷን ስትፈልግ ነው የጨረሰችው።

እናም አገኘቻት! ብርድ ውስጥ፣ ጨው ሳሳ፣ አሲድ ለዘብ ባለበት ቅመም ላይ፣ ጠርዛቸው ጥርት ያለ ክሪስታሎች በቀሉላት። አክስቷ አጉሊ መነጽሩ ላይ ጎንበስ ብለው አይተው ሲነሱ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። እህታቸውን ያጡ ቀን እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሱት እትዬ!

«እንግዲህ ተያቸው» አሏት። «እነዚህ የሚወዱት ብርድ ነው። አታውጫቸው፣ አትነካኪያቸው። የኤክስሬይ እንግዶቻችን እስኪመጡ አርፈሽ ተቀመጪ።»

አርፋ መቀመጥ! እሱን ማን ችሎ! ክሪስታል የሚያበቅል ሰው ሁሉ ይህ አመል አለበት፤ የመጀመሪያ ልጇን የወለደች እናት ሕፃኑ ይተነፍስ እንደሆነ በየደቂቃው እየተነሳች እንደምታየው ነው። ጠብታም ቀን በቀን ትሪውን ከቀዝቃዛው ክፍል እያወጣች፣ የሞቀው ክፍል አጉሊ መነጽር ስር እያኖረች፣ «አንዴ ብቻ፣ አሁን የመጨረሻ ነው» እያለች አየች። ምንም አልሆኑም። ምንም ስላልሆኑ ደግማ አየች።

ያን ቀን ብርዱ ማራገቢያውን ቀይሮ ሲጨርስ በመስታወቱ በኩል ወደ ኋላው ደረጃ በአገጩ ጠቆማት። የነሱ ቦታ ነው፤ ከዕቃ ማከማቻው በስተጀርባ ያለው፣ ሰው የማይወጣ የማይወርድበት ደረጃ። ትሪው ከመብራቱ ስር ነበር። «መጣሁ» አለች ለራሷ፣ «አሁን ደርሼ እመለሳለሁ።»

ደረጃው ላይ ብርዱ ያነሳው ነገር ቶሎ የሚያልቅ አልሆነም። «እናቴ አክስትሽን መጥቼ ላነጋግር እያለች ነው» አላት። «እኔም እየጓጓሁ ነው። መቼ ነው የምትነግሪያቸው?» እሷም «ትንሽ ታገሰኝ፣ እንግዶቹ ይምጡና ይሂዱ፣ ከዚያ በኋላ» ስትል፣ እሱ ሲያኮርፍ፣ እሷ ስታባብል፣ በመጨረሻ ሁለቱም ሲስቁ፣ ጊዜው ሄደ። ድንገት ብድግ አለች።

«ወይኔ ትሪዬ! ከመብራቱ ስር ትቼዋለሁ!»

ሮጠች። ትሪው በእጇ ለብ ብሏል። ማየት ፈራችና ሳታየው መልሳ ቀዝቃዛው ክፍል ከተተችው። በማግስቱ ጠዋት ሲከፈት ክሪስታሎቹ የሉም። ሙቀት አቅልጧቸው፣ ቅዝቃዜው ደግሞ በድንገት ይዟቸው፣ ጠብታው ውስጥ የቀረው ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው። ፕሮቲኑም አልቋል፤ እንደገና ለማዘጋጀት ከሥሩ መጀመር ሊኖርባቸው ነው።

እንግዲህ «እኔ ነኝ» ብትል «የት ሄደሽ?» ትባላለች። «የት ሄደሽ?» ከተባለች «ከማን ጋር?» ይመጣል። አክስቷ አይቀሬውን ጥያቄ ሲጠይቁ ምላሷ ላይ ቀድሞ የመጣላት ያ ሰውዬ ሆነ። አስባበት ቢሆን ኖሮ ክፋት ነው ይባል ነበር። ሳታስብ መውጣቱ ይበልጥ አሳፈራት፤ ለካ ውስጧ ተዘጋጅቶ ተቀምጦ ኖሯል።

* * *

ከስብሰባው በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ እግሯ ራሱ ወደ ብርዱ ቤት ወሰዳት። በሩን የከፈቱት እናቱ ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ መርፌ ደረታቸው ላይ ሰክተው፣ የክር ቁራጭ ክንዳቸው ላይ ተጣብቆ።

«ውይ የኔ ልጅ! ግቢ፣ ግቢ!» ጉንጮቿን አገላብጠው ሳሟት። «ምነው ፊትሽ ጠቆረ? እነዚያ ሰዎች ምሳ አያበሉሽም እንዴ?»

«ደህና ነኝ እማማ።»

«ያንቺው ሰው ደግሞ አኩርፎ ተኝቷል። ምን ሆንክ ስለው ምንም ይለኛል። እስቲ ጠይቂልኝ፤ ላንቺ እንደሆነ አይደብቅም።»

ላንቺ አይደብቅም አሉ! ጠብታ የምትገባበት ጠፋት። እናቱ ወንበሩን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው አስቀመጧት፣ ሻይ ቀዱላት፣ ስኳሩን ሳይሰስቱ ጨመሩላት። ከዚያ ወደ ስፌት መኪናቸው ሄደው ግማሹ የተሰፋ ሰማያዊ ቀሚስ አንስተው በደረታቸው ላይ ዘርግተው አሳዩዋት።

«ይቺን ለራሴ ነው። አክስትሽ ቤት የምንመጣ ቀን የምለብሳት» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ትንሽ ልጅ ዓይን ዓይኗን እያዩ ጠየቋት። «እሳቸው የተማሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ለብሼ ብመጣ አላሳፍራችሁም አይደል?»

«ኧረ እማማ» አለች ጠብታ፤ የሻይ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እግዜር ይስጠው፣ ብርዱ ከውስጠኛው ክፍል ወጣ። አላያትም። «ነይ ወደ ውጪ» አላትና ቀድሟት ወደ ግቢው ወጣ።

ግቢው ጠባብ ነው፤ አንድ የውሃ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ሊጠገን የመጣ አንድ አሮጌ ፍሪጅ። ብርዱ ፍሪጁን ተደግፎ ቆመ።

«ይቅርታ» አለችው።

እሱ የፍሪጁን የተላጠ ቀለም በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ።

«ደንግጬ ነው። እትዬን ታውቃቸዋለህ እኮ፣ እንዴት እንደሚያዩኝ...»

«እሳቸውን አውቃቸዋለሁ። የማላውቀው አንቺን ነው።»

«ሌላ ሥራ እፈልግልሃለሁ። የማውቃቸው ሰዎች አሉ፣ ዛሬውኑ ደውዬ...»

ብርዱ ሳቀ፤ ሳቁ ከጥርሱ አላለፈም። «ሥራ? የሥራው ነገር መሰለሽ ያስተኛኝ? እጄ ላይ ሙያ አለ፤ የሚበላሽ ፍሪጅ ደግሞ ሞልቷል። ደግሞ ብለሽ ብለሽ ልትቀጥሪኝ መጣሽ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ንገረኝ!»

«ያ ሰውዬ አልሽኝ።» ድምፁ ተሰበረ። «ጌታዬ! እኔ እዚያ ቆሜ! ተሳስቷል ብትይ፣ በሩን ክፍት ጥሎታል ብትይ፣ ሌባ ነው ብትይ እንኳ ይሻለኝ ነበር። ሌባ ቢያንስ የሚያውቁት ሰው ነው።»

«አላፍርብህም! በእናቴ አጥንት...»

«አትማዪ፣ ተይ፤ ሴትየዋ አርፈው ተኝተዋል» አላት ቶሎ ብሎ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ከኔ ጋር በዋናው በር ወጥተሽ ታውቂያለሽ?»

ጠብታ ዓይኗን ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ አዞረች።

«ሁልጊዜ የኋላው ደረጃ» አለ ብርዱ። «እኔ ሞኙ ደግሞ የፍቅር ቦታችን ነው እያልኩ ጥራጊ አነሳበት ነበር።»

«እነግራቸዋለሁ። እውነቴን ነው፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ...»

«ለኔ ብለሽ አትንገሪያቸው። ውለታ አልፈልግም።»

«ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ ልጆች!» አሉ እናቱ ከውስጥ። ጠብታ ተመልሳ መግባት አቃታት። በግቢው በር ወጥታ ስትሄድ ሴትዮዋ «ምነው፣ ምን አስቀየምናት?» ሲሉ ሰማቻቸው። ያስቀየሙ መስሏቸው ራሳቸውን ሲፈትሹ! መንገድ ላይ ሰው እያያት በእጇ አፏን ይዛ አለቀሰች።

* * *

የኤክስሬይ ሰዎች መጡ። ክሪስታል የለም ተብሎ እንዳይመለሱ ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ስለ ነገሩ ለማስረዳት ቆሙ። ጠብታ ከጎናቸው ናት፤ ሊያመሰግኗት አጠገባቸው አስቀምጠዋታል።

«ክሪስታሉ የጠፋው በአንድ የጥገና ሠራተኛ ግድየለሽነት ነው» አሉ ፕሮፌሰሯ። «ሰውዬው ተሰናብቷል። የእህቴ ልጅ ግን ቅመሙን አግኝታዋለችና እንደገና ታበቅለዋለች። ትዕግሥቷን እኔ ነኝ የማውቀው።»

ከእንግዶቹ አንዱ፣ ሸበቶው፣ ፈገግ አለ። «እንዲህ ያለውን ሰው ከፍሪጅ ራቅ አድርጎ ማኖር ነው» አለ። ጠረጴዛው ዙሪያ ሳቅ ሆነ። ክፋት የሌለው ሳቅ ነው፤ የማያውቁት ሰው ላይ የሚሳቅ።

ጠብታ አብራቸው ልትስቅ ከንፈሯ ተንቀሳቅሶ ነበር። ያኔ ነው ከራሷ ጋር የተጣላችው። ብድግ ስትል ወንበሩ ወለሉን ፋቀ።

«እሱ አይደለም። እኔ ነኝ» አለች።

«ምን አልሽ?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«ትሪው ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ አልነበረም። እኔ አውጥቼ አጉሊ መነጽሩ መብራት ስር ጥዬው ሄድኩ። አታውጪ ተብዬ ነበር፤ በየቀኑ ሳወጣው ነበር። ሲቀልጥ እንኳ አላየሁም። ፈርቼ ሳላየው መልሼ ብርድ ውስጥ ከተትኩት።»

«ተቀመጪ። ደክሞሽ ነው፣ በኋላ እንነጋገራለን።»

«አልቀመጥም።»

«የት ሄደሽ ነው እንዲህ ያለ ነገር ጥለሽ የሄድሽው?» አሉ አክስቷ፤ ቁጣቸው መጣ። ይኸው፣ የፈራችው ጥያቄ ደረሰ። የእንግዶቹ ዓይን፣ የባልደረቦቿ ዓይን፣ የአክስቷ ዓይን ሁሉ እሷ ላይ ነው።

«የኋላው ደረጃ ላይ ነበርኩ። ካባረሩት ሰው ጋር። ከብርዱ ጋር።» ስሙን ጠርታ ወደ አክስቷ ዞረች። «እትዬ፣ እወደዋለሁ። ብዙ ጊዜ ሆኖናል። ትሪውን እኔ እንደተውኩት ያውቅ ነበር፤ ሲጠየቅ ዝም ያለው እኔን ላለማዋረድ ነው። እኔ ደግሞ ፊቱ ላይ ያ ሰውዬ አልኩት።»

ሥራ ላይ «እትዬ» ብላቸው አታውቅም። ሸበቶው እንግዳ ፈገግታውን የሚያደርግበት አጥቶ ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አደረጉት፣ እንደገና አወለቁት።

«ይቅርታ አድርጉልን» አሉ እንግዶቹን። «አንቺ ወደ ቢሮዬ ነይ።»

ቢሮ ገብተው በሩ ሲዘጋ አክስቷ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ቆሙ።

«የፍሪጅ ጠጋኝ» አሉ። «ምን ጎደለሽ? ምን አጎደልኩብሽ?»

«ምንም አላጎደሉብኝም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን ደበቅሽኝ? ይህን ያህል ክፉ መሰልኩሽ?» ዞሩ። ፊታቸው ላይ ቁጣው አለ፤ ከቁጣው ስር ግን ጠብታ አይታው የማታውቀው ነገር አለ። «እወደዋለሁ ያልሽው ነገር ገና አልዋጥልኝ ብሏል፣ አልዋሽሽም። ይቆይ። ግን ንጹሕ ሰው ፊቴ አቁሜ እንደ ውሻ አባረርኩ። አንቺ እያወቅሽ፣ አጠገቤ ተቀምጠሽ አየሽኝ። በዚህ ዕድሜዬ በሰው ልጅ ፊት አሳፈርሽኝ እኮ!»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«መጀመሪያ እሱን እኔ ይቅርታ ልጠይቀው። ለመሥሪያ ቤቱ አሁን እደውላለሁ። ትሪዎቹንና ቅመሙን ለባልደረባሽ አስረክቢ፤ አንቺ ከዚህ ፕሮቲን ወጥተሻል።»

ጠብታ ራሷን ነቀነቀች። አስረከበች። የትኛው ጨው፣ ምን ያህል አሲድ፣ ምን ያህል ብርድ፣ ሁሉንም አንድ ባንድ አስረዳች። ባልደረባዋ እያፈረ ተቀበላት፤ አንድ ጊዜም ቀና ብሎ አላያትም። እሷም እንዲያያት አልፈለገችም።

* * *

ብርዱን ያገኘችው በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሚተራመስበት መንገድ ዳር፣ አበባ ሻጯ ሱቅ በር ላይ ነው። የአበባው ማቀዝቀዣ ተበላሽቶ ወደ ውጪ ተስቦ ወጥቷል። እሱ ካርቶን አንጥፎ ከጀርባው ተጋድሟል፤ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው።

«ነገርኳቸው» አለች ለእግሩ።

መፍቻው መንቀሳቀሱን አቆመ። ቀስ ብሎ ተነስቶ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ።

«ሰማሁ። አለቃዬ ነገረኝ፤ ፕሮፌሰሯ ራሳቸው ደውለው ይቅርታ ጠየቁ አለኝ። ክሪስታሉስ?»

«ለሌላ ሰው ሰጡት።»

ብርዱ ከንፈሩን መጠጠ። ከልቡ ነው ያዘነው፤ ማዘኑ ደግሞ አንጀቷን በላት። «ምን ያህል እንደለፋሽበት እኔ ነኝ የማውቀው» አለ።

«በሰው ሁሉ ፊት ነው የነገርኳቸው። ስምህን ጠርቼ። እወደዋለሁ ብዬ። ደስ አላለህም?»

«ደስ ብሎኛል።» በጨርቅ እጁን መጥረግ ጀመረ፤ ዘይቱ ከወጣ በኋላም ጠረገ። «ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። እኔም አፍሬያለሁ።»

«አንተ ደግሞ ምን አደረግክ?»

«ዝም አልኩ። ላንቺ ብዬ ይመስልሻል አይደል? ለራሴም እንደዚያ ነበር የነገርኩት። ውሸቴን ነው፣ ጠብታ። አንቺ ያ ሰውዬ ስትይ፣ እሳቸው አንተ ሲሉ፣ ውስጤ ምን አለ መሰለሽ? ልክ ናቸው አለ። አዎ፣ እኔ እኮ ያ ሰውዬ ነኝ አለ። አንገቴን የደፋሁት አምኜሽ ነው።» ቀና ብሎ አያት፤ ዓይኑ ቀልቷል። «እኔ ኩሩ ሰው ነበርኩ። አሁን አንቺን ባየሁ ቁጥር ያ የደፋሁት አንገት ነው ትዝ የሚለኝ።»

ጠብታ ስትመጣ በልቧ ደግማ ደጋግማ ያጠናችው ነበር፤ እቅፍ፣ እንባ፣ «አልፏል» የሚል ቃል። እውነቱን ስትናገር የወሰደችበትን ሁሉ የመለሰችለት መስሏት ነበር። ለካ የወሰደችበት ነገር በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ተናግረው የሚመልሱት አልነበረም። ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ።

«ብርዱ!» አለች አበባ ሻጯ ከሱቁ ውስጥ። «አበባዬ ሁሉ ሊጠወልግብኝ ነው! ፍቅሩን በኋላ ታደርሱታላችሁ!»

«መጣሁ፣ እቴ!» አለ። ተመልሶ ሊጋደም ሲል ቆም አለ። ወደ ማቀዝቀዣው ጀርባ አየ፣ ወደ ጠብታ አየ። «ሥራ ከሌለሽ ይቺን ቱቦ ያዢልኝ» አላት። «እኔ ሳጠብቅ እንዳትንቀሳቀስ። በቃሽ እስክልሽ አትልቀቂ።»

የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ካርቶኑ ላይ ተንበረከከች። አላፊ አግዳሚው ያያል። ከቤተ ሙከራው የምታውቃቸው ሁለት ሴቶች በዚያው በኩል ሲያልፉ አይተዋት ቆሙ። «ምን ሆነሽ ነው?» አለች አንዷ። «ምንም፣ ቱቦ ይዤለት ነው» አለች ጠብታ። ሴቶቹ እየተጠቃቀሱ ሄዱ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም አልመጣም። ይህን ይህን ፈርታ ነው ሰውን ያህል ነገር የካደችው?

ማቀዝቀዣው ተንገጫግጮ ተነሳና ማጉረምረም ጀመረ። ቱቦው ቀስ በቀስ በረደ፣ ከዚያ ቅዝቃዜው መዳፏን እንደ እሳት አቃጠላት። አልለቀቀችም።

«በቃሽ» አላት ብርዱ።

ለቀቀች። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ገጠሙ። ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም፤ ሂጂም አላላትም። ጠብታ ከዚያ በላይ ልትጠይቀው አፈረች።